ኤ ድራይ ዋይት ሲዝን፦ "ጎመን በጤና" ያሉ ጥሩ ሰዎች ታሪክ

ኤ ድራይ ዋይት ሲዝን የሚባለውን ልብወለድ የገዛሁት እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ (ጆሃንስበርግ) መሃል ከተማ ካለ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ነው፣ 70 ራንድ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሆነ ሰው ስሙን ጽፎ መልሶ በእስክሪብቶ ድፍት አድርጎ ያጠፋው። ሱቅ ዘግቼ እየገባሁ በአምስት ማታ ጨረስኩት፣ ከዛ ወዲህ ስለሱ ለሰው ሳላወራ ያደርኩበት ቀን የለም፣ እና ለሁሉም በየተራ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ዘረኝነትን የሚያሳይ ልብወለድ ብዙ አለ አይደል፣ ብዙዎቹ ላይ ክፉው ሰውዬ ከሩቁ ያስታውቃል፣ ይሳደባል ይጮሃል ይማታል፣ አንባቢውም "እኔ እንደዚ አይደለሁም" እያለ ተመችቶት ያነባል። እዚህ ላይ ያ ምቾት የለም። እኔን በጣም ያስፈሩኝ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉት ናቸው፣ እሁድ ቸርች የሚሄዱ፣ ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ሰራተኛቸውን የማይሰድቡ፣ እንግዳ ሲመጣ ሻይ የሚያቀርቡ ጨዋ ነጮች። አፓርታይድ በነዚህ ሰዎች ዝምታ ላይ እንዴት ተደላድሎ እንደተቀመጠ ነው መጽሐፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያሳያችሁ።

ደራሲው አንድሬ ብሪንክ ነው፣ ራሱ አፍሪካነር (ከደች ሰፋሪዎች የመጣ፣ አፍሪካንስ የሚናገር ነጭ)፣ በ1935 ፍሪ ስቴት ውስጥ ፍሬደ የምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ፣ አባቱ ዳኛ ነበሩ (ይሄን ያዙልኝ በኋላ እመለስበታለሁ)። ማርች 21 ቀን 1960 ሻርፕቪል የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ላይ ፖሊስ የፓስ ወረቀት ህግን (ጥቁሮች ሁሌ የመንቀሳቀሻ ወረቀት ይዘው እንዲዞሩ የሚያስገድደውን) በተቃወሙ ሰዎች ላይ ተኩሶ 69 ሰው ሲገድል ብሪንክ ፓሪስ ተማሪ ነበር፣ አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሆኖ ያያት ያኔ ነው፣ በኋላ እኔ የተወለድኩት ፓሪስ ውስጥ አንድ መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ይል ነበር። የመጽሐፉን ርዕስ የወሰደው ከጥቁሩ ደቡብ አፍሪካዊ ገጣሚ ከሞንጋኔ ዋሊ ሴሮቴ ግጥም ነው፣ ወደኛ ሲመጣ ደረቅ ነጭ ወቅት እንደማለት ነው።

በ1979 ነው የወጣው፣ በእንግሊዝኛም በአፍሪካንስም፣ መንግስት ወዲያው አገደው። አፍሪካንሱን ያሳተመው ታውረስ የሚባል ትንሽ አሳታሚ ግን ሱቅ ሳያስገባ በቀጥታ በፖስታ ለአንባቢዎቹ ስለላከው ሳንሱሮቹ ሲደርሱ መጽሐፉ ሰው ቤት ገብቶ ነበር። በአፍሪካንስ መጻፉ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ አስቡት፣ ጁን 16 ቀን 1976 ሶዌቶ የሚባለው የጆበርግ የጥቁሮች ሰፈር ልጆች አደባባይ የወጡት ትምህርታችሁን በአፍሪካንስ ተማሩ ተብለው ነው፣ የፖሊስ ቋንቋ ነው የሚሉት፣ እና ይሄ ሰውዬ በዛው በፖሊስ ቋንቋ፣ ሚኒስትሮቹ ከናታቸው በተማሩት ቋንቋ የሰሩትን ፊታቸው አስቀመጠላቸው፣ የውጭ አገር ሰው ነው የዋሸብን ማለት አይችሉም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቤን ዱ ቶይት ጆበርግ ውስጥ ታሪክና ጂኦግራፊ የሚያስተምር አፍሪካነር መምህር ነው፣ ሚስት አለው፣ ሶስት ልጆች አሉት፣ ትርፍ ሰአቱን በእንጨት ስራ ነው የሚያሳልፈው፣ ፖለቲካ የሚባል ነገር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ትምህርት ቤቱን የሚያጸዳው ሰው ጎርደን ንጉቤኔ ነው የሚባለው፣ ጎርደን ጆናታን የሚባል ጎበዝ ልጅ አለው፣ ቤን ለልጁ የትምህርት ቤት ይከፍልለታል፣ ልጁም አንዳንዴ መጥቶ ግቢ ያጸዳለታል። በቃ ሰላም ነው። ከዛ ልጁ ፖሊስ እጅ ይገባል፣ ስድስት ጅራፍ ይፈረድበታል። ቆይቶ የሶዌቶ አመጽ ይመጣል፣ ጆናታን ይጠፋል፣ አባት ልጄ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ይጀምራል፣ ልጁ እንደሞተ ይነገረዋል፣ እሱ ግን እንዴት ሞተ ብሎ ቀጠለ፣ ስለጠየቀ ብቻ እሱንም ይወስዱታል። ጎርደንም እዛው እስር ላይ ይሞታል፣ ራሱን ሰቀለ ይባላል። ይሄን መንገሬ ታሪኩን ማበላሸት አይደለም፣ የቤን ራሱ መጨረሻ እንኳን ገና መግቢያው ላይ ነው የሚነገራችሁ።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ጆናታን ተገርፎ ሲመጣ አባትየው ወደ ቤን ነው የሄደው፣ ከነጭ ሁሉ የሚያምነው እሱን ነውና። ቤን አዘነ፣ ከልቡ አዘነ፣ ግን አሁን ምን ማድረግ እንችላለን አለፈ እኮ አይነት ነገር ነው የመለሰው። ይቺ አጭር ቦታ ናት፣ ቶሎ ነው የሚያልፋት፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ተመልሼ አነበብኳት፣ ምክንያቱም የመጽሐፉ ዋና ሰው፣ በኋላ ሁሉን ነገር የሚከፍለው ሰው፣ መጀመሪያ የሰራው ስራ ዝም ማለት ነው። ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ጨዋ ስለሆነ ነው፣ ህግ አለ ፍርድ ቤት አለ አዋቂዎች አሉ ብሎ ስለሚያምን። ጎርደን ሲታሰር እንኳን ቤን ያሰበው ስህተት ተፈጥሯል ሄጄ ባስረዳቸው ይለቁታል ብሎ ነው፣ እሱ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ እኮ ወንበር ይሰጡታል፣ በቋንቋው ያናግሩታል፣ ስለዚ መንግስት ለሁሉም ሰው ወንበር የሚሰጥ መስሎታል።

የሄደበት ቦታ ጆን ፎርስተር ስኩዌር ነው። እዚሁ ጆበርግ መሃል ጄፒ መንገድ ላይ ሱቅ ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ፣ ኮሚሽነር ስትሪት ጫፍ ላይ ያለው ሰማያዊው ትልቅ ፖሊስ ጣቢያ። በ1968 የተከፈተ ነው፣ በጊዜው በነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ስም፣ በ1997 ነው ስሙ ተቀይሮ የጆሃንስበርግ ማዕከላዊ ፖሊስ ጣቢያ የሆነው። እኔ ኮፒ ሰርቲፋይ ለማስደረግ ስንት ጊዜ ገብቼበታለሁ፣ ሰልፍ ይዤ ማህተም አስመትቼ ወጥቻለሁ፣ ቀና ብዬ ፎቁን አይቼው አላውቅም። መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ ግን በዛ ሳልፍ አንገቴ ራሱ ወደላይ ይዞራል። 10ኛው ፎቅ ላይ ነበሩ የደህንነት ፖሊሶቹ።

እና እዛ ቤን ሻምበል ስቶልዝን ያገኘዋል። ጉንጩ ላይ ቀጭን ጠባሳ ያለው ሰው ነው፣ ቤን ስለጎርደን እየለመነ ሲያወራ እሱ ብርቱካን ይዞ ወደላይ እየወረወረ ይቀልባል፣ ይወረውራል ይቀልባል፣ እጁ ላይ ባረፈች ቁጥር በቀስታ ጨመቅ ያደርጋታል። ሌላ ምንም አላደረገም፣ አልጮኸም፣ ጠረጴዛ አልመታም። ከመጽሐፉ ሁሉ ህልሜ ድረስ የመጣችው ያቺ ብርቱካን ናት። ደራሲው ስለ ግርፋት ገጽ ሙሉ ከሚጽፍ ያቺን እጅ ማሳየቱ የበለጠ ገባኝ።

ይሄ ሁሉ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ1967 የወጣው የሽብር ህግ ሰውን ያለ ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ ማሰር ይፈቅድ ነበር፣ ጠበቃ የለም ቤተሰብ የለም። አህመድ ቲሞል የሚባል የ29 አመት መምህር ኦክቶበር 27 ቀን 1971 ከዛው ሰማያዊ ህንጻ ከ10ኛው ፎቅ ወድቆ ሞተ፣ በ1972 የሞት ምርመራው ችሎት ራሱን ነው የገደለው አለ፣ ቤተሰቡ አላመኑም፣ ጉዳዩ እንደገና ተከፍቶ በ2017 ፍርድ ቤት የለም ተገድሎ ነው ብሎ ወሰነ፣ ከሞተ 46 አመት በኋላ። የጸረ አፓርታይድ ታጋዩን ስቲቭ ቢኮን ታውቁታላችሁ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1977 በ30 አመቱ ነው ፖሊስ እጅ ላይ የሞተው፣ ጭንቅላቱ ተጎድቶ እርቃኑን በላንድሮቨር ከፖርት ኤልዛቤት እስከ ፕሪቶሪያ ከ1000 ኪሎሜትር በላይ ነድተውት፣ ያኔም ችሎቱ ተጠያቂ የለም አለ። ብሪንክ ይሄን መጽሐፍ እየጻፈ ነበር ቢኮ ሲሞት። ስለዚህ ጎርደን የፈጠራ ስም ነው እንጂ አሟሟቱ ፈጠራ አይደለም።

የጎርደን አሟሟት የሚመረመርበት የችሎቱ ክፍል የመጽሐፉ መሃል ላይ ነው ያለው፣ ለኔ ከሁሉ የተዋጣው እሱ ነው። ሁሉም ነገር በስርአት ነው የሚሄደው፣ ምስክር ይጠራል፣ ዶክተር ይናገራል፣ ጠበቃ ይጠይቃል፣ ይጻፋል፣ ይታተማል፣ መጨረሻ ላይ በብርድ ልብስ ቁራጭ ራሱን ሰቅሏል ተብሎ ይዘጋል። የጎርደን ሚስት ኤሚሊ የተሰጣት የባሏ ልብስ ደም ነክቶት፣ ኪሱ ውስጥ የተሰበረ ጥርስ ተገኝቶ እያለ ማለት ነው። ቅድም አባቱ ዳኛ ነበሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፣ ይሄን የጻፈው ሰው ዳኛ ቤት ያደገ ልጅ ነው፣ የፍርድ ቤት አነጋገር ጆሮው ላይ አለ፣ ውሸት በጨዋ ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃል። ቤን ከዛ ክፍል ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚወጣው፣ እኔም መጽሐፉን ዘግቼ ውጪ ወጥቼ ቆምኩ።

ግን እውነቱን ለመናገር ፖሊሶቹ ያሉበት ክፍል ሁሉ ተደምሮ ቤን ቤት ውስጥ እንዳሉት ገጾች አላስጨነቀኝም። ሚስቱ ሱዛን መጥፎ ሴት አይደለችም፣ ደራሲው እንደዛ አድርጎ አልሳላትም፣ የተማረች ናት፣ አባቷ ፓርላማ ውስጥ ናቸው፣ ኑሮዋን በልፋት ነው የገነባችው፣ የምትፈልገው ሰላም ብቻ ነው። ለሷ የጎርደን ሞት ያሳዝናል ግን የኛ ጉዳይ አይደለም፣ ሰው ምን ይለናል፣ ልጆቻችን ምን ይሆናሉ፣ ስራህስ። እያንዳንዷ ጥያቄ ለብቻዋ ስትታይ ትክክል ናት፣ ማንኛችንም ሚስት ብንሆን እናት ብንሆን የምንጠይቃት ናት። እኛ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ነው ያደግነው፣ ሆድ ይፍጀው እየተባልን፣ ስለዚ ሱዛንን ስሰማት ባዕድ አልሆነችብኝም። ደራሲው የሚያሳየው እነዛ ትክክል የሆኑ ትናንሽ ጥያቄዎች አንድ ላይ ሲቆሙ አንድ ሰው ሰማያዊው ህንጻ ውስጥ ሲገደል ማንም እንዳይሰማ ግድግዳ ሆነው እንደሚያገለግሉ ነው።

ደሞ ዝምታ እንዲሁ በራሱ የሚኖር ነገር ይመስለኝ ነበር፣ አለመናገር ብቻ። እዚህ ቤት ውስጥ ግን ዝምታ በየቀኑ ነው የሚሰራው። ራት ላይ ወሬ ይቀየራል፣ ስልክ ሲጮህ ሰው ይተያያል፣ እንግዳ ሲመጣ የቤን ክፍል በር ይዘጋል፣ አማቾች ሲመጡ ሁሉም ስለ አየር ነው የሚያወራው፣ ሁሉም ሰው ያቺን ጸጥታ ለመጠበቅ ይደክማል፣ ሰው ስለማያውቅ ቢሆን እኮ ይሄ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም ነበር፣ የማታውቀውን ነገር አትሸሽም፣ ታውቀዋለህ ለዛ ነው ዙረህ የምትሄደው። ከቤተሰቡ ቤንን የሚቀርበው ትንሹ ልጁ ዮሃን ነው፣ ገና ልጅ ነው ግን ቆሞ ይታገልለታል። ትልቋ ልጁ ሱዜት ደሞ አለች፣ ስለሷ ምንም አልናገርም፣ እናንተው ድረሱበት።

ከቤት ውጪም ያው ነው። ርእሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱ ስም ያሳስበዋል። ፓስተሩ ቤን የሚያምነው ሰው ነው፣ ሲሄድበት በትህትና ይቀበለዋል፣ ምክሩ ግን ለባለስልጣን ተወው ነው። እዚህ ላይ ያን ጊዜ በእውን የነበረ ሰው ትዝ ይለኛል፣ ቤየርስ ናውዴ፣ የዛው የአፍሪካነሮቹ የደች ሪፎርምድ ቸርች ታዋቂ አገልጋይ ነበር፣ ከነገዱ ሁሉ ከፍ ብሎ ሊሄድ የሚችል ሰው፣ በ1963 ግን ቸርቹ ወይ ዝም በል ወይ ሂድ ሲለው መድረኩን ትቶ ወጣ፣ በ1977 መንግስት ከሰው እንዳይሰበሰብ እንዳይናገር አገደው፣ ለ7 አመት። ማለት የፈለግኩት መናገር ይቻል ነበር፣ ዋጋው ይታወቅ ነበር፣ ጥቂቶች ከፈሉት። የመጽሐፉ ፓስተር ያን ዋጋ አስልቶ ነው ረጋ ብሎ የሚያወራው።

ሌላ የማልረሳው ነገር ሰልፉ ነው። ቤን ለጎርደን ቤተሰብ ቆሟል የሚል ወሬ ሶዌቶ ሲዳረስ ሰው ቤቱ መምጣት ይጀምራል፣ አንዱ ፓሱ ተበላሽቶበት፣ አንዷ ባሏ ጠፍቶባት፣ አንዱ ስራ ፍለጋ፣ በየቀኑ ይጨምራል፣ አንድ ነጭ ይሰማል ተብሏልና። ቤን ግን የሁሉንም ችግር መፍታት አይችልም፣ ደብዳቤ ይጽፋል ስልክ ይደውላል አቅም ያጣል። ሱዛን ትማረራለች፣ አልፈርድባትም ደጃፏ ሞልቷል። ግን አስቡት አንድ ሰው ብቻ በሩን ሲከፍት ይሄ ሁሉ ሰው ከመጣ የተቀሩት በሮች በሙሉ ተዘግተው ነበር ማለት ነው፣ እነዛ ሰዎች ደሞ ትናንት አልተቸገሩም፣ ድሮም ነበሩ፣ ቤን ነው ያላያቸው። እሱም ይሄ ይገባዋል፣ ያሳፍረዋል።

እሺ ጉድለቱስ፣ አለው፣ ደሞ ትንሽ አይደለም። ጥቁሮቹ ሰዎች በቂ ቦታ አላገኙም። ጎርደንን የምናውቀው እስኪሞት ድረስ ባሉት ጥቂት ገጾች ነው፣ ጆናታን ራሱ ምን ያስብ እንደነበር አናውቅም፣ ኤሚሊ አብዛኛውን ጊዜ የምታለቅስ ሴት ናት፣ ባሏንና ልጇን ያጣችው እሷ ሆና ሳለ የህሊና ጉዞው ግን የቤን ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ አንድ ጥቁር ቤተሰብ የጠፋው አንድ ነጭ እንዲነቃ ነው እንዴ ብዬ ተናድጃለሁ። የታክሲ ሾፌሩ ስታንሊ ማካያ ይሻላል፣ በጣም ህያው ሰው ነው፣ ትልቅ ነጭ ዶጅ መኪና አለው፣ ይስቃል ይጠጣል ይዋሻል፣ ቤንን "ላኒ" እያለ ነው የሚጠራው፣ የሰፈር ቃል ነው፣ ነጩ ሰውዬ እንደማለት። ቤንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሶዌቶ የወሰደው እሱ ነው፣ ያ ጉዞ ብቻውን መጽሐፉን ያስገዛል፣ እድሜውን ሙሉ ጆበርግ የኖረ ሰው የገዛ ከተማውን ግማሽ አይቶት አያውቅም ነበር። ግን ስታንሊም ቢሆን ቤን ሲፈልገው ይመጣል ቤን ሳይፈልገው ይጠፋል፣ የሱን ቤት የሱን ማታ አናይም። ቤን ከጋዜጠኛዋ ከሜላኒ ጋር ያለው ፍቅር ደሞ ለኔ ረዘመብኝ፣ ለታሪኩ እንደሚጠቅም አውቃለሁ፣ ፖሊሶቹ የሚጠቀሙበት ነገር ነው፣ ግን በግማሽ ቢያጥር የሚጎድል የለም።

እነዚህን ድክመቶች ግን ሌላ ሰው "ነጭ የጻፈው ስለሆነ ይቅርብኝ" ብሎ መጽሐፉን እንዲተወው ብዬ አይደለም የጻፍኳቸው። የጥቁሮቹን ህይወት ራሳቸው ጥቁር ደራሲዎች ጽፈውታል ከነሱ ነው መፈለግ ያለበት፣ ብሪንክ ጠንቅቆ የሚያውቀው ነጮቹ ቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶ የሚወራውን ነው፣ ያንን ደሞ ውስጡ ያደገ ሰው ካልነገረን ማንም አይነግረንም።

አነባበቡን በተመለከተ፣ እንግሊዝኛው አይከብድም፣ አንዳንድ የአፍሪካንስና የሰፈር ቃላት አሉ፣ የኔ ኮፒ ላይ ማብራሪያ የለውም፣ እዚህ አገር ትንሽ የኖረ ሰው ግን ይገባዋል። አጻጻፉ ሁለት አይነት ነው፣ አንዳንዴ ከውጭ ሆኖ ሌላ ሰው ይተርካል አንዳንዴ ቤን ራሱ በማስታወሻው ላይ የጻፈው ይገባል፣ መጀመሪያ ግራ ያጋባል ከ50 ገጽ በኋላ ትለምዱታላችሁ። የሚተርከው ሰው ደሞ ቀላል ሰው አይደለም፣ የቤን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነው፣ አንድ ክፍል ይኖሩ የነበሩ፣ የፍቅር ልብወለድ እየጻፈ የሚኖር ደራሲ። ቤን ወረቀቶቹን በሙሉ ለሱ ነው የላከው፣ ሰውየው መጀመሪያ አልፈለጋቸውም፣ ምን አገባኝ ነው ያለው። ከዛ ያነባል። አንዴ ካነበበ በኋላ ግን ከዚህ በፊት እንደነበረው መሆን አይችልም፣ ቢጽፈው ይፈራል ባይጽፈው ተባባሪ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ለምን እንደጻፈው ሲናገር ከአሁን በኋላ ማንም ሰው አላወቅኩም ማለት እንዳይችል ነው የሚል ሀሳብ አለው። በዛ ነው የሚያልቀው።

እና ያ "አላወቅኩም" የሚለው ነገር እኔጋ በእግሩ መጣ። መጋዘን የሚያከራዩን አንድ ሽማግሌ ነጭ አሉ፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ስንት አመት ስንሰራ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም፣ ኪራይ ሲዘገይ እንኳን ይታገሱናል። ባለፈው ለወሩ ሂሳብ ሲመጡ መጽሐፉ ባንኮኒው ላይ ነበር፣ አነሱት፣ ገልበጥ አርገው ጀርባውን አነበቡ፣ መልሰው አስቀመጡት። ያኔ እኮ እኛ ምንም አናውቅም ነበር አሉኝ። እኔ ክርክር አልፈለግኩም፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ግን አፌ አላረፈም፣ ቤታችሁ የምትሰራ ሴት አልነበረችም ወይ አልኳቸው። ነበረች አሉ፣ 19 አመት፣ ልጆቼን ያሳደገችው እሷ ናት፣ ጓሮ ያለው ክፍል ነበር የምትኖረው። ስሟን ነገሩኝ፣ ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ፣ በጣም ይወዷት ነበር። የሷስ ልጆች የት ነበሩ ስላቸው ዝም አሉ። ከዛ የአባቷን ስም፣ ማለቴ የቤተሰብ ስሟን ጠየቅኳቸው። አሰቡ። ረጅም ጊዜ አሰቡ። አልመጣላቸውም። ሂሳቡን ቆጥረው ተቀብለው ሄዱ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው እሱን ጠይቀናት አናውቅም አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር መግለጽ አልችልም፣ አዘንኩላቸውም ተናደድኩም፣ እስካሁን የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ህጉ እኮ የሷ ልጆች እዛ ሰፈር ከናታቸው ጋር እንዳይኖሩ የሚከለክል ህግ ነበር፣ እሳቸው ደሞ ያን ህግ ለማወቅ ጋዜጣ ማንበብ አያስፈልጋቸውም ነበር፣ ጓሯቸውን ማየት ይበቃል።

ፊልሙን ለምትጠይቁኝ፣ አለ፣ 1989 የወጣ ነው፣ ዳይሬክተሯ ዩዛን ፓልሲ ከማርቲኒክ የመጣች ጥቁር ሴት ናት፣ ለትልቅ የሆሊውድ ስቱዲዮ ፊልም የሰራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ዶናልድ ሰዘርላንድ ቤንን ሆኖ ይሰራል፣ ማርሎን ብራንዶ ጠበቃ ሆኖ ትንሽ ቦታ አለው ግን አይረሳም፣ ለኦስካርም ታጭቶበታል። ስታንሊን የሰራው ዜክስ ሞካይ ነው፣ ጎርደንን ዊንስተን ንትሾና፣ ሁለቱም ደቡብ አፍሪካውያን፣ እና ቅድም የጎደለ ያልኩት ነገር ፊልሙ ላይ ይሻላል፣ የጎርደን ቤተሰብ ይበልጥ ይታያል፣ ልጆቹ ሲወጡ ሲተኮስባቸው በዓይናችሁ ታያላችሁ። መጨረሻውን ግን ቀይራዋለች። እኔ የመጽሐፉን እመርጣለሁ፣ ፊልሙ ላይ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ፣ መጽሐፉ ያን ትንፋሽ አይሰጣችሁም። መጽሐፉን አስቀድሙ።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ ከ5 አራት ነው፣ አንዱን ለኤሚሊ ስል ነው የቀነስኩት። አዲሱን ህትመት አላየሁትም፣ የኔው አሮጌው ይበቃል፣ ጽሁፉ ግን ደቀቅ ያለ ነው፣ መነጽር የምታደርጉ ማታ በደብዛዛ መብራት አትጀምሩት። የሀዘን ቤት ሰሞን ላይ ያላችሁም ለጊዜው አቆዩት፣ የሚያባብል ነገር የለውም። እዚህ አገር የምትኖሩ ሁሉ ግን ብታነቡት እላለሁ፣ ጁን 16 በመጣ ቁጥር በዓል ነው ብለን ከምናልፈው ነገር ጀርባ ማን ቁጭ ብሎ ያይ እንደነበር ታውቃላችሁ።

የኔን ኮፒ ጎረቤቴ ያለው ልጅ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጠው፣ ወስዶታል፣ ቀጥሎ የምትፈልጉ ከሱ ተቀበሉ። ትናንት ከሌሊቱ ስድስት ሰአት ላይ ደወለልኝ፣ ሱዜት ጋ ደርሶ።